የትኛው ካርል? የትኛው አንበሳ?

መቱ ላይ ቆሞ «ካርል በየት በኩል ነው?» ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ የሚጠቆመው ወደ ሆስፒታሉ ነው። መቱ ካርል ሆስፒታል ከኢሉባቦር ወረዳዎች ብቻ ሳይሆን ከጋምቤላም በኩል በሽተኛ የሚመጣበት፣ የመቱ ዩኒቨርሲቲ የጤና ተማሪዎች ሙያቸውን የሚለማመዱበት ተቋም ነው። ያው ጥያቄ አዲስ አበባ ላይ ቢጠየቅ መልሱ ካርል አደባባይ ይሆናል። በኦስትሪያዋ ሳልዝበርግ ደግሞ፣ በየዓመቱ ታላቅ የሙዚቃ ፌስቲቫል በሚካሄድበት ሕንፃ ውስጥ፣ የካርል ቦም አዳራሽ የሚባል አለ።

ስሙ በሦስቱም ቦታ ካርል ነው። ሰዎቹ ግን ሁለት ናቸው፤ አባትና ልጅ። የሳልዝበርጉ አዳራሽ የአባት፣ የመቱ ሆስፒታልና የአዲስ አበባው አደባባይ የልጅ ነው። ሁለቱን ማምታታት ቀላል ጥፋት አይደለም።

አባትየው ካርል ቦም እ.ኤ.አ. በ1894 ግራዝ ተወልደው በሃያኛው ክፍለ ዘመን ከታወቁት የኦርኬስትራ መሪዎች አንዱ ለመሆን የበቁ ሰው ናቸው። ሞዛርትንና ሪቻርድ ስትራውስን በማቅረብ የሚስተካከላቸው ጥቂት ነበር፤ ስትራውስም «ዳፍኔ» የተሰኘውን ኦፔራውን በስማቸው አበርክቶላቸዋል። ነገር ግን የድሬስደንን ኦፔራ የተረከቡት ናዚዎች ፍሪትዝ ቡሽን ካባረሯቸው በኋላ ነው፤ በዚያ ሥርዓትም ውስጥ እስከ መጨረሻው በከፍተኛ ሹመት ቆይተዋል። የሳልዝበርግ ፌስቲቫል እ.ኤ.አ. በ2015 ይህን ታሪክ የሚናገር ጽሑፍ በአዳራሹ ውስጥ አኑሯል። ስሙን አልፋቀም፤ የስሙ ባለቤት ምን እንደነበሩ ግን ለገባ ሰው ሁሉ እንዲታወቅ አድርጓል። እኔ ይህን ውሳኔ ትክክል ነው እላለሁ።

ልጅየው እ.ኤ.አ. በ1928 ዳርምሽታት ሲወለዱ ካርልሃይንዝ ተባሉ። በዚያ አገር የቤተሰብ ስም ይወረሳልና «ቦም» መባላቸው ግድ ነበር፤ ከአባታቸው የምትለያቸው ካርል ላይ የተቀጠለችው «ሃይንዝ» ብቻ ነበረች። ሲያድጉ ተዋናይ ሆኑ። ከ1955 እስከ 1957 በወጡት የ«ሲሲ» ፊልሞች ላይ ከሮሚ ሽናይደር ጋር ንጉሠ ነገሥት ፍራንዝ ዮሴፍን ሆነው ሲሠሩ በጀርመንኛ ተናጋሪው ዓለም የማያውቃቸው ጠፋ። እንግሊዝ አገር ሄደው በ1960 «ፒፒንግ ቶም» በተባለው ፊልም ሲሠሩ ግን «ሃይንዝ» ቀረችና ስማቸው ካርል ቦም ተብሎ ተጻፈ። የአባት ስም በሙዚቃ ሸክላ ላይ፣ የልጅም ስም በፊልም ማስታወቂያ ላይ፣ ለጆሮ አንድ ሆነ።

ከዚያ 1981 መጣ። በግንቦት ወር በጀርመን ቴሌቪዥን በሚተላለፍ ታዋቂ የውርርድ ዝግጅት ላይ ቀርበው ከተመልካቹ ሲሶው እንኳ ለተራቡ የአፍሪካ ሰዎች አንድ አንድ ማርክ አያዋጣም ብለው ተወራረዱ፤ ከአንድ ሚሊዮን ማርክ በላይ ተሰበሰበ። በነሐሴ አባታቸው ሳልዝበርግ ላይ ዐረፉ። ጥቂት ወራት ቆይቶ ልጅየው ወደ ኢትዮጵያ መጡ፤ በኅዳርም «ሰዎች ለሰዎች» የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ። ሥራው ሐረርጌ ውስጥ በኤረር ሸለቆ ተጀመረ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከወሎና ከትግራይ ብዙ ሺህ ሰው በሠፈራ ወደ ኢሉባቦር ሲመጣ ድርጅቱም ተከትሎ ወደ ምዕራብ ዘለቀ፤ የውኃ ጉድጓድ፣ መንገድ፣ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ሠራ። የመቱ ሆስፒታል ካርል የተባለው በዚህ ምክንያት ነው። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ2003 የኢትዮጵያ የክብር ዜግነት ተሰጣቸው፤ በ2014 ዐረፉ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚደንቀኝ አንድ ነገር ነው። እኛ ሰውን የምንጠራው በራሱ ስም ነው፤ ያባቱን ስም የምናስከትለው ሲያስፈልግ ብቻ ነው። ስለዚህ ኢሉባቦር ስትቀበላቸው «ቦም» የሚለውን የቤተሰብ ስም ጣለችው። «ሃይንዝ»ም ለምላስ አልቀለለችምና ቀረች። የቀረው «ካርል» ብቻ ሆነ። የአውሮፓ ሥርዓት ልጁን ካባቱ ለመለየት የቀጠለለትን ምልክት የእኛ ሥርዓት በአክብሮትና በፍቅር አነሳችውና ልጁን የአባቱ ሞክሼ አደረገችው። ቪየና ላይ ያለ የሙዚቃ ወዳጅ «ካርል» ሲባል አባትየውን ያስባል፤ መቱ ላይ ያለች ወላድ ግን ያ የኦርኬስትራ መሪ በዓለም መኖሩን ሳትሰማ ልጇን ካርል ትወልዳለች።

ይህ የስም ሥርዓት ልዩነት በየዕለቱ የሚያሳስት ነው። ዓለም አቀፍ የሩጫ ውድድር ላይ የውጤት ሰሌዳው የሚጽፈው ያባትን ስም ነው። ጥሩነሽ፣ ገንዘቤና እጅጋየሁ ዲባባ እህትማማቾች ናቸው። ማሬ ዲባባ በ2015 ቤጂንግ ላይ የዓለም የማራቶን ሻምፒዮን ስትሆን ብዙ የውጭ ተመልካች አራተኛዋ እህት መስላው ነበር፤ ዝምድና የላቸውም። ቀነኒሳ በቀለና ታሪኩ በቀለ ወንድማማቾች ናቸው፤ ማራቶን ሯጯ ብዙነሽ በቀለ ግን ከነሱ ቤት አይደለችም። ሰሌዳው ላይ የሚሮጡት አባቶች ናቸው፤ ሜዳው ላይ ያሉት ልጆች። ኢትዮጵያዊ ተመልካች ይህን ለማወቅ ማንም አያስረዳውም፤ ከውጭ ለሚያይ ግን በአገራችን ውስጥ ሁለትና ሦስት ቤተሰብ ብቻ የሚሮጥ ይመስላል።

ከመቱ ወደ ደቡብ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከፍታ ላይ የተቀመጠችው ጎሬ ከዚህ የከበደ የስም መደራረብ አይታለች። ጎሬ የኢሉባቦር ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን፣ ቡናው በጋምቤላ በኩል በባሮ ወንዝ ላይ በእንፋሎት መርከብ ወደ ሱዳን ሲወርድ፣ የሹማምንትና የነጋዴ መናኸሪያ ነበረች። ራስ ተሰማ ናደው ከዚያ ሆነው አገሩን ገዝተዋል፤ ከእሳቸው በኋላ ደግሞ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ራስ ናደው አባ ወሎ ገዝተዋል። የመጀመሪያው ናደው የራስ ተሰማ አባት ስም ነው፤ ሁለተኛው የገዢው የራሱ ስም ነው። በ1980 ዓ.ም. አፍአበት ላይ የተሸነፈው የደርግ ጦር ደግሞ ናደው ዕዝ ይባል ነበር። የጽሑፍ መረጃ ውስጥ «ናደው» የሚለውን ብቻ ይዞ የሚፈልግ ሰው ሦስት ዘመን አንድ ላይ ይጎርፍበታል።

በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ በጣልያን ወረራ ምክንያት ወደ ውጭ ሲወጡ ጊዜያዊው መንግሥት የተቀመጠው ጎሬ ነው። እንደራሴ ሆነው የተላኩት ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ። ይህን ስም የሚያነብ የውጭ ሰው ብዙውን ጊዜ የንጉሡ ልጅ አድርጎ ይወስዳቸዋል። አይደሉም። አባታቸው ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ አባይነህ ናቸው፤ ራስ እምሩ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር የሚዛመዱት በአጎት ልጅነት መንገድ ነው፤ አብረው ሐረር ላይ አድገዋል። በዚያው ጦርነት መጀመሪያ ላይ ወደ ጣልያን የገቡት የንጉሡ አማች ደግሞ ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ ነበሩ። አንዱ ኃይለ ሥላሴ ዙፋን ላይ፣ አንዱ ከጠላት ጋር፣ አንዱ ደግሞ በልጁ ስም ውስጥ ሆኖ ጎሬ ላይ የመጨረሻውን የመንግሥት ወንበር ይዞ ነበር። ያንን ዘመን የሚጽፍ ሰው ያባት ስም ካላስከተለ ከዳተኛውንና አርበኛውን ሊለዋውጥ ይችላል።

ራስ እምሩን ፍለጋ ወደ ምዕራብ የገሰገሱት ወጣቶች ስም ዛሬ በኢትዮጵያ በየቀኑ ከሚጠሩት ስሞች አንዱ ነው፤ ከመቱ ካርል ሆስፒታል በሚጻፍ ወረቀት ላይም ይገኛል። ሐኪሞቹ ከአቅማቸው በላይ የሆነ ሕመም ሲገጥማቸው ሪፈር ይጽፋሉ፤ በሽተኛው ወደ ጅማ ወይም ወደ አዲስ አበባ ይላካል። የአዲስ አበባው ከሆነ ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ጥቁር አንበሳ ነው። ቤተሰቡ በቡና ገንዘብ ተሳፍሮ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ «ጥቁር አንበሳ ደረስን» ይላል። የሄደበት ሆስፒታል ስም ግን ከተነሣበት ከምዕራብ የመጣ ስም ነው።

ጥቁር አንበሳ በ1928 ዓ.ም. በነቀምቴ አካባቢ የተመሠረተ የአርበኞች ማኅበር ነበር። አባላቱ በብዛት ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣት መኮንኖችና ከውጭ ተምረው የተመለሱ ሰዎች ናቸው። ሊቀ መንበራቸው የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ። የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ልጆች ብንያምና ዮሴፍም ከነሱ ጋር ነበሩ። ማኅበሩ ደንብ ጽፎ ተነሣ፤ የጦር ሥራ በፖለቲካ አመራር ሥር እንዲሆን፣ ገበሬው እንዳይበደል፣ ምርኮኛ እንዳይንገላታ፣ አባል ወደ ውጭ አገር እንዳይሰደድ የሚል። ሰኔ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. ቦናያ ላይ በአውሮፕላን ያረፉትን ጣልያኖች ሌሊት መቱ፤ ጄኔራል ማሊዮኮና ስመ ጥሩው አብራሪ አንቶኒዮ ሎካቴሊ ሞቱ፤ አውሮፕላኖቹም ተቃጠሉ። ከዚያ ራስ እምሩን መሪያቸው አድርገው ከእሳቸው ጋር ዘመቱ። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከብበው ራስ እምሩ እጃቸውን ሰጡና ወደ ጣልያን ደሴት ፖንዛ ተወሰዱ። ከየካቲት 12 በኋላ በተፈጸመው ጭፍጨፋ ብንያምንና ዮሴፍን ጨምሮ ከጥቁር አንበሶች ብዙዎቹ ተረሸኑ።

የልዑል መኮንን መታሰቢያ ሆኖ የታሰበው ትልቁ የአዲስ አበባ ሆስፒታል ከአብዮቱ በኋላ የእነዚህን አርበኞች ስም ወሰደ። ትምህርት ቤትም በስማቸው አለ። ስሙ ኖረ፤ ሰዎቹ ግን ከስሙ ሥር ጠፉ። ዛሬ ጥቁር አንበሳ ሲባል የሚታሰበው ረጅሙ ወረፋ፣ የካንሰር ሕክምናው፣ ከመላ አገሪቱ የሚመጣው በሽተኛ ነው። ስም ከሰው ወደ ተቋም ሲሸጋገር ሁልጊዜ የሚሆነው ይህ ነው፤ ብዙ ሰው በየዕለቱ የሚጠራው የመጨረሻው ባለቤት ይነግሣል፣ የመጀመሪያው ይደበዝዛል። ይህን ለመቀየር ስሙን መንጠቅ አያስፈልግም። በሆስፒታሉ መግቢያ ላይ የእነዚያ ወጣቶች ታሪክ በግልጽ ቢጻፍ ወረፋ የሚጠብቅ ሁሉ ያነበዋል፤ ከመቱ የመጣውም የአገሩን ታሪክ እዚያ ያገኘዋል።

አንበሳን ካነሣን አይቀር፣ በአዲስ አበባ የይሁዳ አንበሳ የሚባሉ ሁለት ሐውልቶች አሉ፤ በእግር ይደራረሳሉ፤ አገር ውስጥ ሰው ሳይቀር ይደባልቃቸዋል። አንደኛው ለገሃር ባቡር ጣቢያ ፊት ያለው ነው። በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ሰሞን በ1923 ዓ.ም. ተተከለ፤ ጣልያኖች ነቅለው ሮም ወሰዱት፤ ከረጅም ድርድር በኋላ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ተመለሰ። ዘርዓይ ደረስ ሮም ላይ ጎራዴ መዝዞ የተነሣው ይህንኑ ሐውልት አይቶ እንደሆነ ይተረካል። ሁለተኛው ብሔራዊ ቴአትር ፊት የቆመው ድንጋይ ነው፤ ፈረንሳዊው ሞሪስ ካልካ የሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ1955 ለብር ኢዮቤልዩ የቆመ። አንዱ የተማረከና የተመለሰ፣ ሌላው ምርኮን ያላየ። ስማቸውም ከተማቸውም አንድ ስለሆነ የአንዱ ስደት ለሌላው ሲነገር ይሰማል። እኔ ለመለየት የምጠቀመው ቦታውን ነው፤ «የለገሃሩ»፣ «የቴአትሩ» እላለሁ። ሰው ያባት ስም እንደሚያስፈልገው ሁሉ ሐውልትም ሠፈር ያስፈልገዋል።

ወደ ምዕራብ እንመለስ። «ኢሉ አባ ቦራ» የሚለው የዞኑ ስም ውስጥ ያለው «አባ ቦራ» የፈረስ ስም አጠራር አለው። በአገራችን ጀግና በፈረሱ ሲጠራ ኖሯል፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ። ፈረስ ይሞታል፣ ፈረሰኛውም ይሞታል፤ ስሙ ግን ይቀጥላል። የራስ መኮንን የፈረስ ስም አባ ቃኘው ነበር። ልጃቸው ንጉሠ ነገሥት ሲሆኑ እ.ኤ.አ. በ1951 ወደ ኮሪያ የላኩትን ጦር ቃኘው ሻለቃ አሉት፤ አስመራ ላይ የነበረው የአሜሪካ የመገናኛ ጣቢያም ቃኘው ተባለ። የሐረር ፈረስ ስም ኮሪያ ላይ ተዋጋ፣ አስመራ ላይ አንቴና ተከለ።

ከኢሉባቦር ቀጥሎ ጅማ ላይ ይኸው ዓይነት ስም ኳስ ይጫወታል። አባ ጅፋር የተባሉ የጅማ ነገሥታት ሁለት ናቸው። ቀዳማዊው እ.ኤ.አ. በ1830 ዙፋን ላይ የወጡት ናቸው። ዳግማዊው ከ1878 እስከ 1932 ነገሡ፤ ጅሬን ላይ ያለው ቤተ መንግሥት የእሳቸው ነው። ሦስተኛው አባ ጅፋር ደግሞ የእግር ኳስ ክለብ ነው። ጅማ አባ ጅፋር ወደ ፕሪሚየር ሊግ ባደገበት በመጀመሪያው ዓመት፣ በ2010 ዓ.ም.፣ ዋንጫውን አነሣ። ሦስት ዓመት ቆይቶ ፋሲል ከነማ ሻምፒዮን ሆነ፤ የጎንደሩ ንጉሥ ስም በግንብ፣ በስታዲየምና በማልያ ላይ አብሮ ይኖራል። ክለብን በንጉሥ ስም መሰየም ትልቅ ጥቅም አለው፤ ሕፃናት የታሪክ መጽሐፍ ሳይከፍቱ ስሙን ይማሩታል። ጉድለቱም ይታወቃል፤ ስሙን የሚማሩት ከውጤት ጋር ነው፤ ክለቡ ሲወርድ ንጉሡም የወረደ ይመስላል።

ኢሉባቦር ውስጥ በሜዳ ላይ ስሙ የሚጠራው ግን ከሁሉ በላይ ቡና ነው። በያዩ ጫካ ውስጥ ዛሬም በዱር የሚበቅል ቡና አለ፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 አካባቢውን የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ አድርጎ መዝግቦታል። አዲስ አበባ ላይ ቡና ማለት ክለብ ነው። በ1968 ዓ.ም. ተመሥርቶ ቀድሞ ንጋት ኮከብ፣ ቀጥሎም ቡና ገበያ ሲባል የቆየው ኢትዮጵያ ቡና በ2003 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ ወስዷል። ባላንጣው ቅዱስ ጊዮርጊስ ደግሞ በራሱ የስም ጎተራ ነው፤ ሰማዕቱ አለ፣ ላሊበላ ላይ ከድንጋይ የተፈለፈለው ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ፈረስ ላይ ሆኖ ዘንዶ ሲወጋ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ያለው ሥዕል አለ፣ ቢራው አለ፣ በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተው ክለብም አለ። ልብ በሉ፤ ክለቡና ጥቁር አንበሳ የአንድ ዓመት ልጆች ናቸው። አንዱ ወረራው ከተማዋ ሳይደርስ አዲስ አበባ ላይ ኳስ ያዘ፤ ሌላው ከተማዋ ከተያዘች በኋላ ምዕራብ ላይ ጠመንጃ አነሣ።

ሰው፣ የጥበብ ሥራና ቡድን በአንድ ስም ሥር የተሰለፉበት ከሁሉ የተሟላው ሰንሰለት ግን የሉሲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 እንግሊዝ አገር ጁሊያን የተባለ የጆን ሌነን ሕፃን ልጅ አብራው የምትማር ሉሲ የተባለች ልጅ ሥዕል ሥሎ ቤት ይዞ መጣ። ከዚያ ሥዕል የቢትልስ ዘፈን ተወለደ፤ በ1967 ወጣ። ኅዳር 1967 በእኛ አቆጣጠር፣ ሐዳር ላይ ዶናልድ ጆሃንሰንና ባልደረቦቹ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሆናትን ቅሪተ አካል ባገኙ ሌሊት ካምፑ ውስጥ ይሰማ የነበረው ያ ዘፈን ነው፤ ስሟም ሉሲ ሆነ። እኛ ድንቅነሽ አልናት። የኢትዮጵያ ሴቶች ብሔራዊ ቡድን ሉሲዎቹ ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2021 ናሳ ወደ ጁፒተር አቅጣጫ የላካት መንኮራኩር ሉሲ ተባለች፤ በ2023 መንኮራኩሯ በአጠገቧ ያለፈችው ትንሽ ዓለም ድንቅነሽ የሚል ስም ተሰጥቷት ነበር። እሷን ስትዞር የተገኘችው ትንሽዬ ጨረቃ ደግሞ ሰላም ተባለች፤ ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ዲኪካ ላይ ባገኛት ሕፃን ቅሪተ አካል ስም። አንዲት እንግሊዛዊት የመዋዕለ ሕፃናት ልጅ በሥዕል፣ ሥዕሉ በዘፈን፣ ዘፈኑ በአጥንት፣ አጥንቷ በኳስ ቡድንና በመንኮራኩር አለፈች። እዚህ ሰንሰለት ውስጥ ግን የጥቁር አንበሳ ዕጣ አልደረሰም፤ እያንዳንዱ ቀለበት ስለሚነገር የትኛውም ባለቤት አልተዋጠም። ስም ሲሻገር የመጀመሪያውን ባለቤት የሚያድነው ታሪኩ አብሮ ሲሻገር ነው።

የከተሞቹን በአጭሩ ላንሣ። ከጎሬ ወደ ጋምቤላ ሲወርዱ ቡሬ አለች። ጎጃም ውስጥም ቡሬ አለች፤ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያለባት። አፋር ውስጥ፣ በኤርትራ ድንበር ላይ፣ ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ግንባር የሆነችው ሦስተኛዋ ቡሬ ናት። በደሌን አብዛኛው ኢትዮጵያዊ የሚያውቃት በቢራዋ ነው፤ ፋብሪካውን ሄኒከን በ2003 ዓ.ም. ገዝቶታል። አሁን ደግሞ ከኢሉባቦር ተለይቶ በወጣው በቡኖ በደሌ ዞን ስም ውስጥም አለች። ጎሬ በፊደላችን ስትጻፍ ባሪያ ይጫንባት ከነበረችው የሴኔጋል ደሴት ከጎሬ ጋር አትለይም። ለዚህ ዓይነቱ መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ አገሩን አብሮ መጻፍ።

መድኃኒቱ የማይቀልለት አንድ የጎሬ ስም አለ። በ1921 ዓ.ም. ከኢትዮጵያውያን መካከል ለመጀመሪያ ጊዜ ጳጳስ ሆነው ከተሾሙት አራቱ ሁለቱ አቡነ ጴጥሮስና አቡነ ሚካኤል ናቸው። ሁለቱም ለጣልያን አንገዛም አሉ። ሁለቱም ተረሸኑ፤ አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ፣ አቡነ ሚካኤል በ1929 ዓ.ም. ጎሬ ላይ። ከዚያ በኋላ መንገዳቸው ተለያየ። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በመዲናዋ መካከል ቆመ፤ ለባቡር ሥራ ሲነሣ አገር ተነጋገረበት፤ ሲመለስም እንዲሁ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» ብሎ ተውኔት ጻፈላቸው። እናም ጴጥሮስ የሚለው ስም፣ ከሐዋርያው ቀጥሎ፣ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ እሳቸውን ማለት ሆነ።

ሚካኤል ግን የመልአክ ስም ነው። በየደብሩ ታቦት አለ፣ በየወሩ በ12 ዝክር አለ፣ በየቤቱ ልጅ አለ። የራስ እምሩ ልጅ፣ በ1966 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት፣ ልጅ ሚካኤል ናቸው። በዚህ ሁሉ ሚካኤል መካከል የጎሬው ጳጳስ ስም ለመለየት ሐውልትም ተውኔትም ካገኘው ስም የበለጠ ድጋፍ ይሻል። የሞቱበት ከተማ ከመዲናዋ መራቁም ጎድቷቸዋል። ስለዚህ የምጠይቀው ግልጽ ነው። የመቱና የጎሬ መምህራን ስለ ጥቁር አንበሳ፣ ስለ ራስ እምሩና ስለ ካርል ሲያስተምሩ ጎሬ ላይ የተረሸኑትን አቡነ ሚካኤልን በሙሉ ስማቸው፣ በቦታውና በዓመቱ ያስተምሩ፤ ከዩኒቨርሲቲው ወጣቶች መካከል ብዕር ያለውም ጸጋዬ ለጴጥሮስ ያደረገውን ለሚካኤል ለማድረግ ይነሣ።